ስንት ሜትር፣ ምን ዓይነት ሜትር? በማዕድን ፍለጋ የኮር ቁፋሮ ቅልጥፍና ሲዳሰስ

ከሐረር ጁገል በስተደቡብ ከፍ ብሎ የሚታየው ሐኪም ጋራ ስሙ የሚነሳው በምንጮቹና በአው ሐኪም አውሊያ እንጂ በማዕድን አይደለም። የማዕድን ቁፋሮን ጥያቄ ለማስረዳት ግን የተመቸ ጋራ ነው። የሐረርጌ ደጋ ዓለት ተደራርቦ የተቀመጠ ነውና፤ ከላይ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከሁሉም በታች ጥንታዊው ግራናይትና መሰሎቹ ይገኛሉ። ከእንዲህ ያለ ጋራ አናት ቁልቁል የሚወርድ አንድ የቁፋሮ ጉድጓድ በመንገዱ ሦስት ጠባይ ይገጥመዋል። የኖራ ድንጋዩ ለመቆረጥ አያስቸግርም፤ ውሃ የበላው ስንጥቅና ዋሻ ሲያጋጥም ግን የቁፋሮውን ውሃ ይውጠዋል። የአሸዋ ድንጋዩም ይቆረጣል፤ የማሽኑን መቁረጫ ጫፍ፣ ቢቱን፣ ግን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ግራናይቱ ደግሞ ቢቱን ቶሎ አይበላውም፤ በቀላሉም አያስገባውም።

ስለዚህ «የትኛው የቁፋሮ ማሽን ይቀለጥፋል?» የሚለው ጥያቄ ገና ከመነሻው «በየትኛው ዓለት?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን ከታሪኩ ጀምሮ ይከተላል፤ ቅልጥፍናን በተለያየ ሚዛን የሚለኩትን አራት ወገኖች ከነማስረጃቸው ያስቀምጣል፤ እስካሁን ያልተቋጨውንም ይለያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሰዓት ሠሪው እስከ ዋየርላይን

የኮር ቁፋሮ ከሌላው ቁፋሮ የሚለየው ዓለቱን አድቅቆ ባለማውጣቱ ነው። ቢቱ እንደ ቀለበት መሐሉ ክፍት ነው። ዙሪያውን እየቆረጠ ሲወርድ መሐል ላይ የቀረው ዓለት እንደ ዘንግ ሆኖ ወደ ቱቦው ይገባል። ያ ዘንግ ኮር ይባላል። ጂኦሎጂስቱ የማያየውን የመሬት ሆድ የሚያነበው በእሱ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከጄኔቫ ነው። ሰዓት ሠሪው ዦርዥ ኦጉስት ለሾ በ1860ዎቹ መጀመሪያ አልማዝ በብረት ቀለበት ጠርዝ ላይ ተክሎ ዓለት የመቁረጥን ዘዴ አሰበ፤ በሥራ ላይ በማዋሉ ደግሞ የልጁ የሮዶልፍ ስም ይነሳል። አሜሪካዊው ኤድመንድ ሎንግይር በ1890 በሚኒሶታ ሜሳቢ የብረት ቀጠና የመጀመሪያውን የአልማዝ ኮር ጉድጓድ ቆፈረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ለውጦች የዛሬውን ሥራ መልክ ሰጥተውታል። አንደኛው በ1950ዎቹ አጋማሽ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰው ሠራሽ አልማዝ ማምረቱ ነው። በዚህም የተፈጥሮ አልማዝ እየመረጡ አንድ በአንድ መትከል እየቀረ፣ ደቃቅ አልማዝ ከብረት ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የሚጋገርበት ቢት ገበያውን ያዘ። ሁለተኛው ሎንግይር ኩባንያ በ1958 ያስተዋወቀው ዋየርላይን ነው።

ዋየርላይን ምን እንዳተረፈ ለማየት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። በድሮው ዘዴ ኮሩ የሚገባበት ቱቦ፣ ኮር ባረሉ፣ በሞላ ቁጥር ከጉድጓዱ ያለው ሮድ (ቢቱን የሚያዞረው የተቀጣጠለ ቧንቧ) ሁሉ እየተፈታ መውጣት፣ ተመልሶም መግባት ነበረበት። በየ3 ሜትሩ እየወጣ 300 ሜትር የሚቆፈር ጉድጓድ 100 ጊዜ ይህን ይጠይቃል። መጀመሪያ 3 ሜትር፣ ቀጥሎ 6፣ ቀጥሎ 9 እየተባለ ሲደመር 15,150 ሜትር ሮድ ወጥቷል ማለት ነው። ለመመለስ ያንኑ ያህል ሲታሰብ ድምሩ ከ30 ኪሎ ሜትር ያልፋል። 300 ሜትር ለመቆፈር 30 ኪሎ ሜትር ብረት ይነሳና ይወርድ ነበር።

ዛሬ ሮዱ እዚያው ይቆያል። ቱቦው ሲሞላ ድሪለሩ ማሽከርከሩን ያቆማል፤ ሮዱን ትንሽ ከፍ ሲያደርገው ኮሩ ከታች ከዓለቱ ይነጠላል። ረዳቱ በቀጭን የብረት ገመድ ጫፍ ላይ ያለውን መንጠቆ በሮዱ ውስጥ ይለቀዋል። መንጠቆው ከታች የውስጡን ቱቦ ራስ ሲነክስ ገመዱን በያዘው እጅ ይታወቃል። ዊንቹ ይስበዋል፤ ሌላ ባዶ ቱቦ ይወርዳል። የወጣው ቱቦ በማስቀመጫው ላይ ይጋደምና በጎማ መዶሻ ቀስ እየተባለ ይመታል፤ ኮሩ እየተንሸራተተ ወደ ኮር ሳጥኑ ይገባል። አንድ ቱቦ ሞልቶ ሲወጣ ሳብ ይባላል፤ በየሳቡ መጨረሻ ጥልቀቱ የተጻፈበት ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ይደረጋል። የጎደለ ኮር ካለ ያም በቁራጩ ላይ ይጻፋል። ወደዚህ ቁራጭ እንጨት በመጨረሻ እንመለሳለን።

ከአገር ቤት ሦስት ትምህርቶች

በኢትዮጵያ የኮር ቁፋሮ ታሪክ ውስጥ ሦስት ቦታዎች ጥያቄውን ከሦስት አቅጣጫ ያሳዩታል።

የመጀመሪያው ዳሎል ነው። የአሜሪካው ራልፍ ፓርሰንስ ኩባንያ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዳናክል ዝቅተኛ ቦታ፣ ከባሕር ጠለል በታች፣ ለፖታሽ ብዙ ጉድጓድ ቆፍሯል። በኋላም እነ አላና ፖታሽና ያራ ዳሎል እዚያው ቆፍረዋል። የሚፈለገው ማዕድን ራሱ ጨው ነው። ዓለቱ ለስላሳ ስለሆነ በፍጥነት ይቆረጣል፤ በንጹሕ ውሃ የቆፈረው ግን የሚፈልገውን ናሙና እያሟሟ ነው የሚቆፍረው። ስለዚህ ቀድሞ በጨው የጠገበ ፈሳሽ ማዘጋጀት ግድ ነው። ለዚያ የሚጠፋው ሰዓት በሜትር ሲቆጠር ኪሳራ ይመስላል፤ በናሙና ሲታይ ግን የሥራው ዋና ክፍል ነው።

ሁለተኛው የወርቁ አገር ነው። በጉጂ ለገደንቢ (ሚድሮክ በ1997 ከመንግሥት የገዛው)፣ በምዕራብ ወለጋ ቱሉ ካፒ፣ በቤኒሻንጉል ኩርሙክ የሚገኘው ወርቅ ከጠንካራ ጥንታዊ ዓለት ጋር የተያያዘ ነው። ወርቅ በዓለት ውስጥ እኩል አይበተንም፤ አንዱ ሜትር ባዶ ሆኖ ቀጣዩ ሊሞላ ይችላል። እዚህ ፈተናው መቁረጡም ነው፣ ከሰፊ ዓለት ውስጥ በእጅ የሚያዝ ዘንግ ብቻ ወስዶ ስለ ጠቅላላው መናገሩም ነው።

ሦስተኛው ማዕድን አይደለም፤ ጨው ባሕር ነው። በ2014 የጥንት ሰው መኖሪያዎችንና ሐይቆችን የሚያጠና ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በደቡብ ኢትዮጵያ በዚህ የደረቀ የሐይቅ ወለል ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጉድጓድ ቆፈረ። የሁለቱ ኮር ተጋጥሞ ወደ 293 ሜትር የሚጠጋ አንድ ጥምር መዝገብ ወጣው፤ የ620,000 ዓመት ገደማ የአየር ንብረት ታሪክም ይዟል። ሁለተኛው ጉድጓድ በሜትር ቆጣሪ ዓይን ብክነት ነው፤ አንድ ቦታን ሁለት ጊዜ መቆፈር። ለተመራማሪዎቹ ግን አንዱ ጉድጓድ ያጎደለውን ሌላው የሚሞላበት ዋስትና ነበር።

ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ቅልጥፍና የሚለካው በምንድን ነው?

የሜትር ወገን

ብዙ የቁፋሮ ውል ክፍያን በተቆፈረ ሜትር ያሰላል። ስለዚህ የተቋራጩ ዓይን በቢቱ ፍጥነት ላይ ቢያርፍ አይፈረድበትም። ይህ ወገን ጠንካራ የምሕንድስና መሠረት አለው።

ዋናው ትምህርት መጀመሪያ ሲሰማ የተገለበጠ ይመስላል። ለጠንካራ ዓለት ለስላሳ ቢት፣ ለለስላሳና ለሚፈገፍግ ዓለት ጠንካራ ቢት ይመረጣል። ጥንካሬው የአልማዙ አይደለም፤ አልማዙን አቅፎ የያዘው ብረት፣ ማትሪክስ የሚባለው፣ ጥንካሬ ነው። ግራናይት ማትሪክሱን ቶሎ ስለማይበላው፣ ማትሪክሱ ጠንካራ ከሆነ የላይኛው አልማዝ ይዶለዱማል፤ ከሥሩ ያለው አዲስ አልማዝ አይወጣም፤ ቢቱ እንደ መስታወት ይለሰልስና መቁረጥ ያቆማል። በአሸዋ ድንጋይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ለስላሳ ማትሪክስ አልማዙን ሥራውን ሳይጨርስ ይጥለዋል። ልምድ ያለው ድሪለር የወጣ ቢት ላይ ጣቱን አሻሽቶ ያውቀዋል። እንደ ብርጭቆ ካንሸራተተ ተዶልዱሟል፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከቆረቆረ ሥራ ላይ ነው። በሐኪም ጋራ ዓይነት ድርብርብ ዓለት ላይ አንድ ቢት ይዞ ከላይ እስከ ታች ልውረድ የሚል ሰው አንደኛው ንብርብር ላይ መክሰሩ አይቀርም።

ሁለተኛው ትምህርት የዙርና የግፊት ሚዛን ነው። አምራቾች ለእንዲህ ዓይነቱ ቢት የሚመክሩት በአንድ ሴንቲ ሜትር ከ80 እስከ 100 ዙር ያህል ነው። ዙሩ ከዚያ ሲበዛ ቢቱ ይለሰልሳል፤ ሲያንስ ቶሎ ያልቃል። በደቂቃ 800 ዙር የሚዞር ቢት በሴንቲ ሜትር 80 ዙር ከሠራ በደቂቃ 10 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በሰዓት 6 ሜትር መሆኑ ነው።

ሦስተኛው የቢት ዋጋ ጉዳይ ነው። ብዙ ሜትር የሚቆይ ቢት ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ለምሳሌ ያህል የሁለት ቢት ዋጋ እኩል 60,000 ብር፣ የማሽኑ የሰዓት ወጪ 10,000 ብር ነው እንበል። አንዱ 100 ሜትር ቆይቶ በሰዓት 2 ሜትር፣ ሌላው 60 ሜትር ቆይቶ በሰዓት 3 ሜትር ቢቆፍር፣ የመጀመሪያው በሜትር 5,600 ብር፣ ሁለተኛው 4,333 ብር ይወጣዋል። ቶሎ ያለቀው ቢት አተረፈ ማለት ነው። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ግን ሒሳቡ ይለዋወጣል። ቢት ለመቀየር ሮዱ ሁሉ መውጣት ስላለበት፣ አንዱ ቅያሬ በምሳሌያችን ወደ 19 ሰዓት ከደረሰ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ስለዚህ «ጥሩ ቢት» የሚባለው ነገር ከጥልቀቱ ተለይቶ አይታወቅም።

የናሙና ወገን

የጂኦሎጂስቱ ሚዛን ሌላ ነው። ለእሱ ሜትር መቆፈሩ አይበቃም፤ መውጣቱ ነው ዋናው። ሁለት ቡድን እንውሰድ። አንዱ በሺፍት 30 ሜትር ቆፍሮ ከመቶ 80 እጅ ኮር ያወጣል፤ ሌላው 24 ሜትር ቆፍሮ 98 እጅ ያወጣል። በሜትር ሒሳብ የመጀመሪያው በሩብ ይበልጣል። በእጅ በገባ ኮር ግን የመጀመሪያው 24 ሜትር፣ ሁለተኛው 23.5 ሜትር አላቸው፤ ልዩነቱ የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የጠፋው 6 ሜትር በዕጣ የወጣ አለመሆኑ ነው። ታጥቦ የሚሄደው የተሰባበረው፣ የላላው፣ የበሰበሰው ክፍል ነው። ወርቅም ሆነ ሌላ ማዕድን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ደግሞ እዚያው ስብራት ውስጥ ነው። እንደ ያዩና ደልቢ ሞዬ ባሉ የድንጋይ ከሰል ቦታዎችም ከሰሉ ከአቀፈው ዓለት ይልቅ በቀላሉ የሚፈረፈር ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በቁፋሮ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ይህ ወገን ሁለት ነገር እንዳይምታታ ያሳስባል። የወጣው ኮር መጠን የሚባለው ከተቆፈረው ርዝመት ስንቱ ሳጥን ውስጥ ገባ የሚለው ነው። አሜሪካዊው ዶን ዲር በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው የዓለት ጥራት መለኪያ ደግሞ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ርዝመት ያላቸው ቁርጥራጮች ድምር ስንት እጅ ነው የሚለው ነው። አንድ ሳብ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በሁለተኛው መለኪያ ዜሮ ሊያመጣ ይችላል፤ ዓለቱ ወጥቷል፣ ግን ተፈርፍሮ። ያንን ያመጣው ዓለቱ ይሁን ወይስ የማሽኑ መንቀጥቀጥ፣ ከቁጥሩ ብቻ አይታወቅም። በውስጡ ለሁለት የሚከፈት ሦስተኛ ቱቦ መጠቀም ጥርጣሬውን ይቀንሳል፤ ፍጥነቱን ግን ይቀንሳል፣ ወጪውንም ይጨምራል።

የስፋት ምርጫም እዚሁ ይገባል። ኤንኪው የሚባለው መጠን 47.6 ሚሊ ሜትር፣ ኤችኪው 63.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ኮር ያወጣሉ። ጉድጓዳቸው 75.7 እና 96 ሚሊ ሜትር ነው። ኤንኪው የሚቆርጠው ዓለት ከኤችኪው ሲሶ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ይፈጥናል። የሚያወጣው ኮር ግን ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ኮሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድ፣ በመካከለኛ ክብደት ዓለት፣ ከኤንኪው ሜትር 2.4 ኪሎ፣ ከኤችኪው 4.3 ኪሎ ያህል ይደርሳል። ወርቁ ፍንጣሪ ፍንጣሪ ሆኖ በተበተነበት ቦታ ይህ ልዩነት ውጤቱን ሊለውጥ ይችላል።

ግማሹ ኮር መቅረቱም ተራ ሥርዓት አይደለም። በ1997 የተጋለጠው የካናዳው ብሬክስ ቅሌት፣ በኢንዶኔዥያ ቡሳንግ፣ እምነት የጣሉበትን ሁሉ ያከሰረው አንዱ በዚህ ነው። ኮሩ ግማሹ ሳይቀር ይፈጭ ነበርና ተመልሶ የሚመረመር ነገር አልነበረም። ሌሎች ራሳቸው ቆፍረው ሲያዩ ወርቁ የለም። ካናዳ በ2001 ጥብቅ የማሳወቂያ ደንብ ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ሜትር በፍጥነት ተቆፍሮ ይሆናል፤ ዋጋው ግን ዜሮ ነበር።

የሰዓት ወገን

ሦስተኛው ወገን «ቢቱን ተዉት፣ ሰዓቱን ቁጠሩ» ይላል። በደቂቃ 10 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ቢት 3 ሜትር ለመጨረስ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ቱቦውን ማውጣትና መመለስ 20 ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ሳብ 50 ደቂቃ ነው። ቢቱን በአምስተኛ ማፍጠን 5 ደቂቃ ያተርፋል። የዊንቹን ሥራ በሩብ ማሳጠርም ያንኑ 5 ደቂቃ ያተርፋል፤ ርካሽም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የፓምፕ ማኅተም ተቀዶ፣ መለዋወጫው እስኪመጣ በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ ማሽን ሁለት ቀን ቢቆም፣ 24 ሳብ ወይም 72 ሜትር ቀረ ማለት ነው። ያንን ምንም ቢት አይመልሰውም።

ለኢትዮጵያ ይህ ክርክር ክብደት አለው። ቢቱ፣ ሮዱ፣ ፖሊመሩ፣ የፓምፑ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2024 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በዶላር ዋጋው ያልተለወጠ ቢት በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የምንዛሪ ወረፋ ይቀንሳል የሚሉ ለውጡን ደግፈዋል። በብር ውል የገቡ ግን ሌላ ሒሳብ ገጥሟቸዋል። በወርቁ አካባቢዎች ያለው የጸጥታ ችግርም ለሥራ መቆም ምክንያት ሆኗል። የቱሉ ካፒ መዘግየት በሚነሳበት ሁሉ ይህ አብሮ ይነሳል።

ከፍታም የሰዓት ጉዳይ ነው። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ 3 እጅ ያህል ያጣል በሚለው የተለመደ ስሌት፣ በዚህ ከፍታ ወደ አምስተኛ የሚጠጋ ጉልበቱን ይተዋል። ባሕር ዳርቻ ላይ የተለካ የማሽን አቅም ወደ ደጋ ሲወጣ ያው አይደለም።

የዚህ ወገን ድክመት ሰዓት ሁሉ እኩል እንደሆነ ማሰቡ ነው። በመጥፎ ዓለት ላይ ቆም ብሎ ጉድጓዱን በኬዚንግ (በብረት ቱቦ ሽፋን) ማጠናከር ሰዓት ያስበላል፤ ያንን የዘለለ ግን ሮዱ ተቀርቅሮ ጉድጓዱን ሙሉ ሊያጣ ይችላል። ከቆመው ሰዓት ውስጥ የትኛው ብክነት፣ የትኛው ጥንቃቄ እንደነበረ ሠንጠረዡ አይናገርም።

ያልተቆፈረው ሜትር

አራተኛው ወገን ጥያቄውን ከሥሩ ይለውጠዋል፤ ከሁሉም የሚረክሰው ሜትር መቆፈር ያላስፈለገው ነው ይላል። የመሬት ካርታ፣ የመግነጢስና የኤሌክትሪክ ልኬታ፣ የአፈር ናሙና በቅድሚያ በሚገባ ከተሠራ የቁፋሮው ቁጥር ይቀንሳል። የድሮ ኮር ተጠብቆ ከተገኘ ደግሞ በአዲስ መሣሪያ እንደገና ይነበባል። በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያና የኮር ምስል ማንሻ ዛሬ ከ40 ዓመት በፊት የወጣን ኮር አዲስ ነገር ሊያናግሩት ይችላሉ።

ለዚህ ግን ኮሩ መኖር አለበት፤ ሳጥኑ ያልተበላ፣ ቁጥሩ ያልጠፋ፣ መዝገቡ ያልተለያየ መሆን አለበት። ፈቃድ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኮሩና መረጃው ካልተከተለው፣ ተከታዩ ባለፈቃድ የቀደመውን ጉድጓድ ጎን ይቆፍራል። ተቃራኒውም ሐሳብ አለ። ኩባንያዎች በገንዘባቸው ያገኙትን መረጃ ቶሎ እንዲገልጡ ቢገደዱ ቀድሞ የሚደፍር ይጠፋል የሚሉ አሉ። ለመንግሥት የሚገባውና ለሕዝብ የሚከፈተው መረጃ ድንበሩ የት ነው የሚለው የማዕድን ፖሊሲ ጥያቄ እንጂ የማሽን ጥያቄ አይደለም፤ በቅልጥፍናው ላይ ያለው ጫና ግን ከቢት አያንስም።

ውሃ፦ ከሁሉም ወገን ውጭ የቀረው ሚዛን

በእነዚህ ሁሉ ሚዛኖች ብዙ ጊዜ የማይቆጠር አንድ ግብአት አለ፤ ውሃ። የኤንኪው ቁፋሮ በደቂቃ 30 ሊትር ያህል ውሃ ቁልቁል ይልካል። ውሃው ቢቱን ያቀዘቅዛል፤ የተፈጨውንም ይዞ ይወጣል። ከተመለሰ በገንዳ ተጣርቶ እንደገና ያገለግላል። እንደ ሐኪም ጋራ ባለ የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ግን አይመለስም። በ10 ሰዓት ሺፍት 18,000 ሊትር ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል 90፣ ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ ሁለት ምልልስ ሊሞላ ምንም አይቀረውም።

ይህን ቁጥር ሐረር ላይ አስቀምጦ ማየት ይገባል። ከተማዋ ለዓመታት ውሃዋን ያገኘችበት የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ሽቅብ በፓምፕ እየተገፋ የሚመጣ ውሃ ታጠጣለች። በእንዲህ ያለ አገር ከውሃ ቧንቧው ጎን የቁፋሮ ማሽን የሚተክል ሰው በሜትር ያተረፈውን ከሰፈሩ ሰው ጋር ባለው ሰላም ሊከፍለው ይችላል።

መፍትሔዎቹ ይታወቃሉ። በላስቲክ የተነጠፈ ገንዳ፣ ደቃቁን ከውሃው የሚለይ ማጣሪያ፣ ስንጥቁን የሚደፍን ቤንቶናይትና ፖሊመር። ክርክሩ ያለው በማን ወጪ የሚለው ላይ ነው። በሜትር የሚከፈለው ተቋራጭ ውሃ ለመቆጠብ የሚያጠፋውን ሰዓት የሚመልስለት የለም፤ ውሉ ውሃን እንደ ነጻ ነገር ከቆጠረው፣ ማሽኑም እንደ ነጻ ነገር ይጠጣዋል።

የዛሬ ክርክሮች

አሁን ከሚነሱት የመጀመሪያው በአየር የሚሠራው የሪቨርስ ሰርኩሌሽን ቁፋሮ ነው። በሜትር ይረክሳል፤ ይፈጥናል፤ ብዙ ውሃ አይፈልግም። የሚያወጣው ግን የደቀቀ ዓለት እንጂ ኮር አይደለም፤ የማዕድን ሥሩ አቅጣጫ፣ የስብራቱ ማዕዘን አይታይም። ብዙዎች የተስማሙበት መካከለኛ መንገድ ላይ ላዩን በእሱ፣ ታችና ወሳኙን ቦታ በኮር መቆፈር ነው። ያልተስማሙት ምን ያህሉን በምን የሚለው ላይ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በሞላበት ጉድጓድ የደቀቀው ናሙና እርስ በርሱ ስለሚበከል፣ ርካሹ ሜትር ውድ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው አውቶሜሽን ነው። ሮድ በራሱ የሚያነሳና የሚያስር ክንድ የእጅ አደጋን ይቀንሳል፤ ይህ ብዙ አያከራክርም። በሜትር ምን ያህል ያፈጥናል የሚለው ግን የተለያየ መልስ አለው። መለዋወጫ ሩቅ በሆነበት አገር ኤሌክትሮኒክስ የበዛበት ማሽን ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ከሌለ፣ ቀላሉና በመካኒክ እጅ የሚነሳው የሃይድሮሊክ ማሽን ይበልጠዋል የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ሠራተኛው ካልሠለጠነበት መቼም አይሠለጥንም ይላሉ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ መልሱ ከጥገና ማዕከሉ ርቀት ጋር ይለወጣል።

ሦስተኛው ሮዱን ጨርሶ የሚያስቀረው ሐሳብ ነው። በአውስትራሊያ በ2010ዎቹ አንድ የጋራ ምርምር ማዕከል ሮክስፕሎረር የተባለ፣ ከጥቅልል በሚተረተር ያልተቆራረጠ ቱቦ የሚቆፍር ማሽን ሠርቶ ሞክሯል። ሮድ መፍታትና ማሰር የለም። ግን እሱም የሚያወጣው ደቃቅ ነው። ስለዚህ «የኮር ቁፋሮ ተተኪ» ከማለት «ኮር የት እንደሚቆፈር ጠቋሚ» ማለት ይቀርበዋል።

ያልተቋጩ ነጥቦች

አራቱ ወገኖች ሲነጻጸሩ ጠባቸው በማስረጃ ሳይሆን በሚዛን ነው። ድሪለሩ ሜትር፣ ጂኦሎጂስቱ ኮር፣ ሥራ አስኪያጁ ሰዓት፣ ባለሀብቱ ደግሞ ያልተቆፈረ ሜትር ይቆጥራሉ። እያንዳንዱ በራሱ ቁጥር ትክክል ነው። ችግሩ ውሉ ከአራቱ አንዱን ብቻ ሲከፍል ነው። በሜትር ብቻ የተጻፈ ውል ሜትር ያመጣል። ከኮር መጠን ጋር የተያያዘ ክፍያ ናሙናውን ይጠብቃል፤ በመጥፎ ዓለት ላይ ግን ተቋራጩ ያላጠፋውን ይቀጣዋል። በሰዓት የሚከፈል ውል ለጥንቃቄ ጊዜ ይሰጣል፤ ለስንፍናም እንዲሁ። ተቀላቅሎ የሚጻፈው ውል ይሻላል የሚሉት ይበዛሉ፤ ድብልቁ በየዓለቱ ምን ያህል ይሁን የሚለው ግን ገና የሚያከራክር ነው።

ከዚህ የሚቀድም ሌላ ችግርም አለ። የአንዱ ቦታ ቁጥር ከሌላው ጋር አይወዳደርም። በዳሎል ጨው ላይ የተገኘ ፍጥነት ለለገደንቢ ዓለት አይሠራም። የተለያዩ ማሽኖችን በአንድ ዓለት ላይ፣ በአንድ ዓይነት ውሃና ሠራተኛ፣ ጎን ለጎን ካልሞከሩ በቀር «ይህ ከዚያ በዚህ ያህል ይበልጣል» የሚለው የሻጭ አፍ ነው። ሦስቱን ዓለት ደርቦ የያዘው የሐረርጌ ደጋ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። ለኖራው፣ ለአሸዋውና ለግራናይቱ የተወሰደ አንድ አማካይ ፍጥነት ለአንዳቸውም እውነት አይሆንም።

እስከዚያው ድረስ ለሁሉም ወገን የሚጠቅም መለኪያ አለ፤ ዋጋውም ከቢት እጅግ ያነሰ ነው። በኮር ሳጥኑ ውስጥ፣ በየሳቡ መጨረሻ፣ የምትቀመጠው ቁራጭ እንጨት ናት። ጥልቀቱ፣ የተቆፈረው፣ የወጣው፣ የጎደለው በላይዋ ይጻፋል። የጎደለውን የጻፈ ድሪለር ራሱን ያስወቀሰ ይመስላል። ነገር ግን ቢቱ ይቀየር፣ ቱቦው ይደረብ፣ ውሃው ይቀነስ፣ ወይም ጉድጓዱ ይቁም የሚለው ውሳኔ ሁሉ የሚነሳው ከዚያች ጽሑፍ ነው። የጠፋው ሜትር ካልተጻፈ በሜትርም፣ በኮርም፣ በሰዓትም የሚለካ ቅልጥፍና የለም።